ጉዳዩ የት ይታይ?

(ተነጋጋሪዎቹ የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው። አጎት በናቫሆ ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዘመን ነገረ ፈጅ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ልጅቱ የእህታቸው ልጅ፣ አሪዞና ውስጥ የሕግ ተማሪ ናት። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ናቫሆዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነውና መካሪውም ተቆጪውም የእናት ወንድም ነው። የተጠቀሱት ሕጎች፣ ፍርዶችና ባለጉዳዮች ግን እውነተኛ ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

ልጅቱ፦ አጎቴ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀረኝ። ጓደኞቼ ፊኒክስ ያሉትን ትልልቅ የጥብቅና ቢሮዎች እያማረጡ ነው። እርስዎ ግን ስለ ሥራ ምክር ስጠይቅዎ ስለ በግ ነው የሚያወሩኝ።

አጎት፦ በጉን መቼ ጨረስኩልሽ! ጋናዶ ላይ ሂዩ ሊ የሚባል ነጭ ነጋዴ ነበር። ለፖልና ለሎሬና ዊሊያምስ በዱቤ ዕቃ ሰጣቸው። ያኔ ንግዱ እንዲህ ነበር፤ ቡናው፣ ዱቄቱ፣ ጨርቁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ በጸደይ ሱፍ ሲሸለት፣ በመከር ጠቦት ሲሸጥ ዕዳው ይወራረዳል። አልከፈሉኝም አለ። ታዲያ እኛ ፍርድ ቤት ሳይመጣ አሪዞና ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ሄዶ ከሰሰ፤ በጎቻቸውንም አስያዘ።

ልጅቱ፦ ይኼማ የዊሊያምስና የሊ ጉዳይ ነው፣ 1959። ተምረነዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ የአሪዞና ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ብላክ ናቸው። ግብይቱ የተፈጸመው በናቫሆ ምድር ነው፣ ተከሳሾቹም ናቫሆ ናቸው፤ የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት እጁን ካስገባ ሰዎቹ በራሳቸው ሕግ የመተዳደር መብታቸው ይሸረሸራል ብለው።

አጎት፦ ጎበዝ። በጉስ?

ልጅቱ፦ በተማርነው ውስጥ በግ አልነበረም።

አጎት፦ አየሽ፣ ለእናንተ ነገሩ የሥልጣን ክርክር ነው፤ ለሎሬና ግን በረቷ ነው። ፍርዱ የወጣው በጥር ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ደግሞ ናቫሆ የፍርድ ቤቱን ሥራ ከአሜሪካ መንግሥት የሕንዶች ጉዳይ ቢሮ እጅ ተረክቦ የራሱ አደረገው። ጠበቃ ስትሆኚ ደንበኛሽ ገና በሩን አልፎ ሳይቀመጥ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ። ማን ምን አደረገ አይደለም። የት ነው የተደረገው፣ ማን በማን ላይ ነው ያደረገው? መልሱ ጉዳዩ የት እንደሚታይ ይነግርሻል። ግማሹ ነገር ያኔ አለቀ።

ልጅቱ፦ እስቲ ይፈትኑኝ።

አጎት፦ ቺንሊ ላይ ናቫሆ ናቫሆን ገደለ።

ልጅቱ፦ የፌዴራል ፍርድ ቤት። ከ1885 ጀምሮ ከባድ ወንጀል የእነሱ ነው፤ መርማሪውም ኤፍ ቢ አይ ነው።

አጎት፦ ናቫሆ ጋለፕ ከተማ ወርዶ ሱቅ ሰረቀ።

ልጅቱ፦ ከክልላችን ውጭ ነው። ኒው ሜክሲኮ።

አጎት፦ ነጭ እዚሁ ዊንዶው ሮክ ላይ ናቫሆን በጥፊ መታ።

ልጅቱ፦ የእኛ ፍርድ ቤት በወንጀል ሊከሰው አይችልም። ከ1978ቱ የኦሊፋንት ፍርድ በኋላ አይቻልም። ኮንግረስ በ2013 ለቤት ውስጥ ጥቃት፣ በ2022 ደግሞ ለጥቂት ሌሎች ወንጀሎች በሩን ትንሽ ከፈት አድርጎታል፤ ተራ ጥፊ ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለም።

አጎት፦ ሌላ ነገድ የሆነ ሰው፣ ናቫሆ ያገባ፣ አማቱን መታ።

ልጅቱ፦ ይኼ ራስል ሚንስ ነው! የላኮታው ታጋይ።

አጎት፦ አዎ፣ ራሱ። ዕድሜ ልኩን ለነገዶች ነጻነት የጮኸ ሰው፣ ተራው ሲደርስ «የናቫሆ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም» አለ። የእኛ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ምን ብሎ መለሰ? አንደኛ፣ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተፈራረምነው የ1868ቱ ውል አለ። ሁለተኛ፣ አንተ ከእኛ ቤት አግብተሃል፣ አማች ነህ። አማች ደግሞ የሚጦርበትም የሚጠየቅበትም ወግ አለው፤ አብረኸን ከኖርክ ወጋችንን ተቀብለሃል። በኋላ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚም በሌላ መንገድ ቢሆንም ሥልጣኑን አጸናልን። ለመሆኑ ያ የፊኒክሱ ልጅ እንዴት ነው?

ልጅቱ፦ እሱን ይተዉት፣ አጎቴ።

አጎት፦ ተውኩት። ብታገቢው አማች ይሆናል፣ ግን ነጭ ነውና በጥፊ ቢመታኝ እዚህ በወንጀል ልከሰው አልችልም ለማለት ነው።

ልጅቱ፦ እሺ፣ ሥልጣኑ የእኛ ሆነ እንበል። ከዚያስ? ቤታችን ገብተን የምንሠራው እዚያው ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠራውን ከሆነ ያ ሁሉ ክርክር ለምን ያስፈልጋል?

አጎት፦ ይኼ ነው ጥያቄ። ብዙ ዓመት የምንሠራው እሱኑ ነበር፤ አጠራራችንም፣ ቅጻችንም፣ መዶሻችንም የተበደረ ነበር። በ1982 ዳኞቹ ተሰብስበው የሽምግልናውን ችሎት አቋቋሙ። ሽማግሌው የአካባቢው ሰው ያከበረው፣ የሚደመጥ ሰው ነው። በጸሎት ይከፍታል። ዳኛ የለም፣ ጥፋተኛ ነህ አይደለህም የሚባል ነገር የለም፤ የሁለቱም ወገን ዘመድ ይቀመጣል፣ ሁሉም ይናገራል። አንድ ጊዜ ሁለት ዋርሳዎች በግጦሽ መሬት ተካሰው አብሬ ተቀምጫለሁ። እስከ ቀትር ስለ አጥር ሲያወሩ ቆዩ። ከሰዓት በኋላ አንዷ አክስት ተነሥታ «እናታችን ስትቀበር ያልመጣችሁት ለምንድነው?» አለች። በቃ፣ ነገሩ እሱ ነበር። አጥሩ ለብቻው ሲሆን አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ካሣው ፈረስ ሆነ፣ ተጨባበጡ፤ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ገብቶ እንደ ማንኛውም ፍርድ ጸና። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ቅጽ ላይ ትሞይዋለሽ?

ልጅቱ፦ ሁሉም ጉዳይ ግን ለሽምግልና አይሆንም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ከነዘመዶቹ ፊት አስቀምጦ «ተናገሪ» ማለት እኔን ያስፈራኛል።

አጎት፦ እኔንም። ለዚያ ነው ዳኛውም ችሎቱም የሚያስፈልጉን። ግን ችሎቱም ቢሆን የራሳችን መልክ ሊኖረው ይችላል። በ2004 ሮድሪጌዝ በሚባል ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤታችን ፖሊሶችን ምን አላቸው መሰለሽ? ለተጠርጣሪው መብቱን አንብባችሁ አስፈረማችሁት ማለት አስረዳችሁት ማለት አይደለም። በርጋታ፣ በአክብሮት፣ እስኪገባው ድረስ ልታብራሩለት ይገባል። ሰውየው እስር ቤት ወረቀት አቅርበውለት ፈረመ። አይበቃም ተባለ። በናቫሆ ወግ ሰው ሰውን እንዲህ አያናግርም።

ልጅቱ፦ ይኼንን ማንም አላስተማረንም።

አጎት፦ ለዚህ ነው የናቫሆ የጠበቆች ማኅበር የራሱ ፈተና ያለው። የአሪዞናን አልፈሽ ብትመጪም እሱን ካላለፍሽ እዚህ አትቆሚም። እኔ የሕግ ዲግሪ የለኝም፤ ሥልጠና ወስጄ ያንን ፈተና አልፌ ነው የኖርኩበት። ዛሬም መንገዱ ክፍት ነው።

ልጅቱ፦ ቀጣሪውስ ማን ነው?

አጎት፦ መጀመሪያ ዲ ኤን ኤ የሚባለው የድሆች ነጻ ጥብቅና አለ፣ ከ1967 ጀምሮ። ሲጀመር የራሳችን ምክር ቤት ራሱ አልወደደውም። ሥራ አስኪያጁ ቴድ ሚቸል በ1968 በስብሰባ ላይ ሳቀ ተብሎ ከናቫሆ ምድር እንዲባረር ተወሰነበትና በፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የተመለሰው። ከዚያው ድርጅት የወጣ ጠበቃ ነው የሮዛሊንድ ማክላናሃንን ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የወሰደው። እዚህ ዊንዶው ሮክ ባንክ ትሠራ ነበር፤ አሪዞና ከደመወዟ 16 ዶላር ከ20 ሳንቲም ግብር ቆረጠባት።

ልጅቱ፦ 16 ዶላር!

አጎት፦ በ1973 አሸነፈች። በናቫሆ ምድር ኖሮ እዚያው የሚሠራ የማንኛውም ናቫሆ ደመወዝ ከአሪዞና ግብር ነጻ ወጣ። ከዲ ኤን ኤ ሌላ የናቫሆ ፍትሕ መምሪያ አለ፣ ዐቃቤ ሕጉ አለ፣ ተከላካይ ጠበቃው አለ። ወደ ፌዴራል መሄድም ነውር አይደለም። የቱባ ከተማ ተወላጇ ሰንሻይን ሳይክስ በ2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ የፌዴራል ዳኛ ሆናለች። እዚሁ ዳኛ መሆን ከፈለግሽ ግን ናቫሆ መናገር ግዴታ ነው።

ልጅቱ፦ (ዝም)

አጎት፦ ምነው?

ልጅቱ፦ እሰማለሁ፣ ስናገር ግን ይሰባበርብኛል። ክሪስ ዴሺንን ያባረሩት በዚሁ አይደል? በ2014 ለናቫሆ ፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር። እሱ እኮ ጠበቃ ነው፣ በባሕር ኃይሉ እግረኛ ጦር ያገለገለ፣ ምርጫውንም አንደኛውን ዙር በድምፅ ያለፈ። ቋንቋውን በደንብ አይችልም ተብሎ ስሙ ከድምፅ መስጫው ወጣ። ትክክል ነበር ይላሉ?

አጎት፦ ሕጉ እንደዚያ ይል ነበር፣ ፍርድ ቤቱም ሕጉን አስከበረ። በማግሥቱ ዓመት ሕዝቡ በድምፁ ለወጠው፤ አሁን ቋንቋ ይበቃዋል አይበቃውም የሚለውን መራጩ ራሱ ይፈርዳል። ለፕሬዝዳንት ይኼ ይሻላል። ለዳኛ ግን አልስማማም። ሽማግሌዋ እንባ እየተናነቃት የምትናገረውን በአስተርጓሚ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ አልፈልግም። ይኼ የኔ አስተያየት ነው።

ልጅቱ፦ አንድ ነገር ልበል፣ አይቆጡኝ። ትንንሹን እናሸንፋለን፤ ዱቤውን፣ 16 ዶላሩን። ትልልቁን እንሸነፋለን። ውሃውን በ2023 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሸነፍን፣ 5 ለ 4። ውሉ ውሃ የማግኘት መብት ቢያስከብርላችሁም መንግሥት ያንን ውሃ ለማስገኘት እርምጃ የመውሰድ ግዴታ የለበትም አሉ፣ ዳኛ ካቫኖ። ከአሥር ቤት ሦስቱ ገደማ የቧንቧ ውሃ የለውም እኮ። ዳኛ ጎርሰች በተቃውሞ ሐሳባቸው፣ ናቫሆዎቹ የጠየቁት በአደራ የተያዘላቸው የውሃ መብት ምን ያህል እንደሆነ እንዲጣራላቸው ብቻ ነው ብለው ነበር።

አጎት፦ የ1868ቱ ውል ሲፈረም ጄኔራል ሸርማን ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ሂዱ ቢለን መሪያችን ባርቦንሲቶ እምቢ፣ አገራችን መልሱን ነው ያለው። አገሩን መለሱልን፤ ውሃውን ማንም በቁጥር አላሰፈረም። የከሰሉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1964 የፒቦዲ ከሰል ኩባንያ ቀዳሚ ከነበረው ድርጅት ጋር በተፈረመው ኪራይ የቶኑ ዋጋ ቢበዛ 37 ሳንቲም ተኩል ሆነ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ያ ሳንቲም ከሽያጩ 2 በመቶ ገደማ ነበር። የሕንዶች ጉዳይ ቢሮው ኃላፊ ወደ 20 በመቶ ከፍ ይበል ሲል የኩባንያው ሰዎች ከአገር ግዛት ሚኒስትሩ ከሆደል ጋር ለብቻቸው ተገናኙ፤ ውሳኔው እንዲዘገይ ተደረገ፣ እኛ ሳናውቅ። በመጨረሻ በ12 ከግማሽ በመቶ ፈረምን። ከሰስን፤ በ2003 ተሸነፍን፣ በ2009 ደግመን ተሸነፍን። መንግሥት ካሣ እንዲከፍል የሚያስገድድ የሕግ ቃል አላገኘንም አሉን። በ2014 በሌላ ክስ፣ በአደራ ሀብታችን አያያዝ፣ 554 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ታረቁ።

ልጅቱ፦ ታዲያ ይኼ ተስፋ የሚሰጥ ነው?

አጎት፦ እኔ የማየው ሌላ ነው። ከሰሉን የተሸነፍነው ዋሽንግተን አይደለም። የተሸነፍነው 37 ሳንቲም ተኩል የሚለው ቁጥር በተጻፈበት ቀን ነው። ያኔ የነገዱ ዋና ጠበቃ ከውጭ የተቀጠረ ሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ስም ያወጣል፤ ግን ውሉ ሲረቀቅ «ይኼ ቁጥር ለምን እስከ ሃያ ዓመት ሳይከለስ ይቆያል?» ብላ የምትጠይቅ አንዲት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ብትኖር ክርክሩም ባላስፈለገ።

ልጅቱ፦ ስለዚህ ቢሮ ተቀምጬ ኪራይና ውል ላንብብ ነው የሚሉኝ?

አጎት፦ ያሰለቻል፣ አልዋሽሽም። ደመወዙም የፊኒክሱን አያክልም።

ልጅቱ፦ ሁለት ፈተናም አለው፣ የክፍለ ግዛቱና የኛው።

አጎት፦ የአሪዞናውን ከጓደኞችሽ ጋር አጥኚ። የኛን እኔ እጠይቅሻለሁ፤ ግን በናቫሆ ነው።