ነርቩ የወጣለት መንጋጋና የሴራሚክ ሽፋን ዕድሜ

ጥርስ ሲያመን ወደ ሐኪም እንሮጣለን፤ ሕመሙ ሲቆም ግን ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። እርግጥ ነው፤ ሐኪሙ የተበላሸውን ነርቭ አውጥቶ፣ የሥሩን ቦይ ጠርጎ ከደፈነው በኋላ መንጋጋው አያምም። ነገር ግን አለማመም መጽናት አይደለም። እንዲህ ያለው መንጋጋ ለምን ይሰበራል? በላዩ የሚደረገው የሴራሚክ ሽፋን ዕድሜስ በምን ይወሰናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸንኑ መመርመር ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

፩ኛ/ የድካሙ ምክንያት። ነርቩ የወጣለት ጥርስ ደርቆ እንደ እንጨት ይሰነጠቃል የሚሉ አሉ። ዋናው ምክንያት ግን የአካሉ መጉደል ነው። ሪህ፣ ሜሰርና ዳግላስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ በትንንሾቹ መንጋጎች ላይ እንደ ለኩት፣ የሥሩ ሕክምና ብቻውን የጥርሱን ግትርነት የቀነሰው 5 በመቶ ያህል ነው። ማኘኪያው ከነሁለቱ ጎኖቹ ሲቦረቦር ግን 63 በመቶ ያህል ቀንሷል። የጎን ጠርዞቹ ለጥርስ እንደ ማገር ናቸውና፣ ማገሩ ሲቆረጥ ግድግዳዎቹ ባኘክን ቍጥር ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በመጨረሻም አንደኛው ይገነጠላል።

፪ኛ/ የሽፋን ጥቅም። ስለዚህ ጉድጓዱን መድፈን ብቻ አይበቃም፤ የደከሙትን ጫፎች ደርቦ የሚይዝ ሽፋን ያስፈልጋል። በ2002 አኩዊሊኖና ካፕላን ባሳተሙት ጥናት፣ የሥር ሕክምና ካገኙት ጥርሶች ሽፋን የሌላቸው ከተሸፈኑት 6 እጥፍ በሆነ መጠን ጠፍተዋል።

፫ኛ/ የሴራሚክ ጠባይ። ሴራሚክ የሸክላ ዘመድ ነው። እንደ ጀበና እሳት ይችላል፣ ጫናም ይሸከማል፤ ሲለጠጥ ግን ይሰነጠቃል። ለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ ሲለካ የድሮው ፖርሴሊን 100 ሜጋፓስካል እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም፤ ሊቲየም ዳይሲሊኬት 400 ገደማ፣ ዚርኮኒያ 1000 ገደማ ይደርሳል። ታዲያ ዚርኮኒያ ሁልጊዜ ይበልጣልን? አይደለም። ሊቲየም ዳይሲሊኬት ብርጭቆነት ስላለው ውስጡ በአሲድ ተሻክሮ ከጥርሱ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። ዚርኮኒያ ግን በዚያው አሲድ አይሻከርምና ሌላ ዘዴ ይሻል። የጥርስ ወለል በአሲድ ቢሻከር ማጣበቂያን አጥብቆ እንደሚይዝ ቡኖኮር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1955 አሳይቶ ነበር።

፬ኛ/ የዕድሜው መሠረት። ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢጠነክር የሚቆመው በቀረው ጥርስ ላይ ነው። ከድዱ በላይ ዙሪያውን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ጤናማ ግድግዳ ካለ ሽፋኑ አቅፎ ይይዘዋል። ይህ ከሌለ ሽፋኑ ሳይሰበር ጥርሱ ከሥሩ ሊሰበር ይችላል። እንደዚሁም በሽፋኑ ጠርዝ ምግብ ተጠራቅሞ ከሥር ቢበሰብስ፣ ሴራሚኩ ደኅና ሆኖ ሳለ መንጋጋው ይነቀላል።

እንግዲህ ሕመሙ ቆመልኝ ብሎ በጊዜያዊ ድፍን ወራትን እያሳለፈ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው፣ ሽፋኑ ሊያርፍበት የሚገባውን ግድግዳ በገዛ ጥርሱ ያፈርሰዋል። ግድግዳው አንድ ጊዜ እስከ ሥሩ ከተሰነጠቀ በኋላ ዚርኮኒያም ቢሆን አያድነውም። ስለዚህ ሐኪሙን ከሁሉ በፊት ልንጠይቀው የሚገባን «የትኛው ሴራሚክ ይሻላል?» ብለን ሳይሆን፣ «ከጥርሴ ምን ያህል ቀርቷል? መቼስ ይሸፈናል?» ብለን ነው።