ለሕፃናት ስካውት የመጀመሪያ ዕለት እንዴት እንዘጋጅ?

ከመካከላችን ብዙዎች ታናናሾቻችንን የመምራት ኃላፊነት ተሰጥቶናል፤ ላልተሰጠንም ነገ ይሰጠን ይሆናል። ከዚህ ሥራ አንዱ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉትን ሕፃናት በስካውት ቡድን ሰብስቦ ማሠልጠን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ አንዲት ቀን ብቻ ነው፤ እርስዋም ሕፃናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰበሰቡባት ዕለት ናት።

ስለ አንዲት ቀን ይህን ያህል ማሰብ ለምን አስፈለገ ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ የቡድኑ ዓላማ ስለ ተነገረው አይመለስም፤ የሚመለሰው ደስ ብሎት ከተጫወተና በስሙ የሚጠራው ጓደኛ ካገኘ ነው። በመጀመሪያው ዕለት ጥግ ይዞ የዋለ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል፤ ለምን እንደ ቀረም መጥቶ አይነግረንም። ስለዚህ የዕለቱ ሥራችን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሕፃን «እኔም እዚህ ቦታ አለኝ» ብሎ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ማድረግ። ጨዋታውም ትምህርቱም ለዚህ የተሰናዳ መሆን አለበት።

1. ከመሥራቹ ምን እንማራለን?

ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ሐሳቡን የሞከረው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 ነው። በእንግሊዝ አገር ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆችን ይዞ ሰፈረ። ከፊሎቹ በታወቁ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የባለጸጎች ልጆች፥ ከፊሎቹ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። እርሱ ግን በአራት ትንንሽ ቡድን መደባቸውና ለየቡድኑ የእንስሳ ወይም የወፍ ስም ሰጠ። እያንዳንዱም ልጅ የቡድኑን ቀለም ጥብጣብ በትከሻው ላይ አደረገ፤ ለምሳሌ የተኩላዎቹ ሰማያዊ፥ የኮርማዎቹ አረንጓዴ ነበረ። ማታም እሳት ከብበው ታሪክ ይሰሙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1916 ለታናናሾቹ «የተኩላ ግልገሎች» የተባለው ክፍል ሲመሠረትም ልጆቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ተመደቡ። ልብ እንበል፤ ሕፃን በሠላሳ ልጆች መካከል ይጠፋል፥ በስድስት መካከል ግን ይታያል። ቁራጭ ጥብጣብም ዋጋዋ ትንሽ ቢሆንም ለልጁ «የእኛ ነህ» ትለዋለች።

2. ከዕለቱ በፊት

መሪዎቹ አስቀድመን ተገናኝተን ሥራ እንከፋፈል። ከመካከላችን በዕድሜ የበሰሉ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገኙ፤ አንድ መሪ ከአንድ ሕፃን ጋር ለብቻው ተነጥሎ እንዳይቀር ይህ ደንብ ይጠበቅ። ከአሮጌ ጨርቅ አራት ዓይነት ቀለም ያለው ጥብጣብ፥ ለእያንዳንዱ ልጅም አንድ ሜትር ያህል ገመድ ይዘጋጅ። ቦታውን ዞረን እንመልከት፤ የተሰበረ ጠርሙስ ወይም ጉድጓድ ካለ አስቀድሞ ይስተካከል።

3. የአንድ ሰዓት ፕሮግራም

ሀ. አቀባበል (10 ደቂቃ)። አንድ መሪ በር ላይ ቆሞ የልጁን ስም ይጠይቅ፥ ጥብጣቡንም ይሰርለት። ወንድማማቾችን ወይም ጎረቤታሞችን በአንድ ቡድን ማድረግ ለዓይን አፋሩ ልጅ ይጠቅመዋል። ቀድመው የመጡት ሥራ ፈትተው እንዳይቆሙ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ተሥሎ ይጠብቃቸው።

ለ. መክፈቻ (5 ደቂቃ)። ሁሉም ክብ ሠርተው ይቁሙ። አንበሳ፥ ጅብ፥ ንስርና ዝንጀሮ ብለን ሰይመናቸው ከሆነ እያንዳንዱ ቡድን በየተራ የእንስሳውን ድምፅ ያሰማ። ከሣቁ በኋላ መሪው በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንኳን ደኅና መጣችሁ ይበል። ረጅም ንግግር የዚህ ዕለት ጠላት ነው።

ሐ. ሩጫ (10 ደቂቃ)። አባሮሽ ይጫወቱ፤ ነገር ግን የተያዘው ልጅ ከጨዋታ አይውጣ። ባለበት ቆሞ እጁን ይዘርጋ፥ ጓደኛው ሲነካው ይፈታ። የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ ሯጩን እያጫወተ፥ መጫወት የሚያስፈልገውን ደካማውን ልጅ ቁጭ ብሎ ተመልካች ያደርገዋል።

መ. የእጅ ሥራ (15 ደቂቃ)። ሁለት እኩል ገመዶችን የማያያዝ ቋጠሮ ይማሩ፤ ቀኙን በግራው ላይ፥ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ወገን ያዞረ ልጅ ቋጠሮው ሲሳብ ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህንንም ራሱ ስቦ ይየው። ሰው የሚንጠለጠልበት ገመድ በዚህ ቋጠሮ እንደማይያያዝ ይነገራቸው። በመጨረሻ የየቡድኑ ገመድ ሁሉ ተያይዞ አንድ ረጅም ገመድ ይሁን። የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ በዓይን የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ሠ. የማስታወስ ጨዋታ (10 ደቂቃ)። ይህ በስካውቶች ዘንድ የታወቀው የኪም ጨዋታ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 ከታተመው ከሩድያርድ ኪፕሊንግ ልብ ወለድ ነው። ማንኪያ፥ ቆርኪ፥ የቡና ፍሬ፥ ብይ፥ የሻማ ቁራጭና የመሳሰሉትን 12 ዕቃዎች አንድ ደቂቃ አሳይተን በጨርቅ እንሸፍን። ቡድኑ ተመካክሮ ያስታወሰውን ይናገር። በሩጫ ኋላ የቀረው ልጅ እዚህ ሊቀድም ይችላልና ይህን ጨዋታ አንተው።

ረ. መዝጊያ (10 ደቂቃ)። ተቀምጠው «እንቆቅልህ»፥ «ምን አውቅልህ» ይባባሉ፤ ያላወቀም አገር ይስጥ። ከዚያ መሪው አንድ ታሪክ ይጀምርና ልብ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ያቁም። ፍጻሜው በሚቀጥለው ሳምንት ነው!

4. ወላጆችን በተመለከተ

ልጆቹ ገመድ ሲያስሩ አንድ መሪ ወላጆችን ለብቻ ያነጋግር። የመሰብሰቢያውን ቀንና ሰዓት፥ ኃላፊዎቹንም ያሳውቅ። የደንብ ልብስም ሆነ መዋጮ በዚህ ዕለት አይጠየቅ፤ በልጆች ፊትማ ፈጽሞ አይነሣ። አቅም የሌላት እናት በሰው ፊት ከምታፍር ልጅዋን ማስቀረት ትመርጣለችና።

5. ከዕለቱ በኋላ

የዝግጅታችን ውጤት የሚታወቀው በመጀመሪያው ቀን ሣቅ ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት ስም ጥሪ ነው። የቀረ ልጅ ካለ በዚያው ሳምንት ሁለት ሆነን ቤቱ ድረስ እንሂድ፤ «ቡድንህ ይጠብቅሃል» እንበለው። ምናልባት ታሞ ይሆናል፥ ምናልባትም ታናሽ እኅቱን የሚጠብቅለት አጥቶ ይሆናል።

እንግዲህ ወጣት ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ቁራጭ ጨርቅ፥ ጥቂት ገመድ፥ ከሁሉም በላይ የሕፃናቱን ስም ለማጥናት የሚተጋ ልብ ይበቃል። የቀጠሮው ዕለት ሳይደርስ ዛሬውኑ ተቀምጠን ሥራውን እንከፋፈል።