ማስረጃ ለምን አይበቃም?

ሰውን ከተሳሳተ የፖለቲካ አቋም ለመመለስ ማስረጃ ማቅረብ በቂ ነው ሲባል እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅን የወረረችው ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች በሚል ነበር። ራሷ ያሰማራችው፣ በቻርለስ ዱልፈር የሚመራው የፍተሻ ቡድን በ2004 ባወጣው ዘገባ የመሣሪያ ክምችት አለመገኘቱን ገለጸ። ኮሊን ፓውልም በጸጥታው ምክር ቤት ያሰሙት ንግግር በስማቸው ላይ ያረፈ እድፍ መሆኑን በ2005 ተናገሩ። ሆኖም ከዚያ በኋላ በተደረጉ መጠይቆች እንኳ ብዙ አሜሪካውያን መሣሪያው ነበር ከማለት አልተመለሱም። «ወደ ሶርያ ተሻግሯል» የሚል ማምለጫም ተገኘ። ልጁን ለዚያ ጦርነት የገበረ አባት ምን ይበል? እውነቱን መቀበል የልጁን ደም ከንቱ ማድረግ ይመስለዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢብኑ ኢስሐቅ በሲራ እንደዘገበው አቡ ጀህል በሌሊት ተደብቆ ቁርኣን ካዳመጠ በኋላ ስለሰማው ቢጠየቅ፣ ቃሉ እውነት ይሁን ሐሰት አንዲት አልተነፈሰም። መልሱ የጎሳ ሒሳብ ነበር። ከበኑ ዐብዱ መናፍ ጋር በማብላትም በመስጠትም እኩል ሲሽቀዳደሙ ኖረው፣ አሁን እነርሱ ነቢይ አለን ሲሉ የእርሱ ወገን ከየት ያምጣ! ሱረቱ አን-ነምልም (27፥14) የፊርዐውን ሰዎች ተአምራቱን የካዱት ልባቸው እያወቀ፣ በግፍና በኩራት መሆኑን ይነግረናል።

ከወገን ጋር የተቋጠረ እምነት በሰነድ ብቻ አይፈታም። ሰውየው ዘገባውን ከመግለጡ በፊት ነገ ማን እንደሚያኮርፈው ያሰላል። ሱረቱ አን-ኒሳእ (4፥135) በራስ፣ በወላጅና በዘመድ ላይም ቢሆን በፍትሕ መመስከርን ያዛል። እኛ ዘንድ ግን የአንድ ባለሥልጣን ጥፋት ሲነገር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ተናጋሪው የማን ወገን ነው?» የሚለው ነው።