የተቀመጠ ብርና የተገዛች ጊደር

ቁጠባ ብርን ማቆየት ነው፤ ኢንቨስትመንት ደግሞ ብርን ሥራ ማስያዝ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ። «ቆጥቡ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ ከቆጠብን በኋላስ? የሚለው ግን ብዙም አይነሳም።

እኔ ያደግሁት ደጎሎ ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያው ላምጣ። የጃማ ወረዳ መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ስንዴና ጤፍ ይዘራበታል። ገበሬው እህሉን ሸጦ ከተረፈው፣ ብሩን በሙሉ አያስቀምጥም፤ ጊደር ይገዛል። ቦታ ከሌለው ለዘመድ ሰጥቶ ያስረባትና ጥጃውን ይካፈላል። እንግዲህ ይህ ኢንቨስትመንት ነው፣ ስሙን ባንጠራውም። አደጋውም አብሮ አለ፤ መኖ ካጠረ ወይም በሽታ ከገባ ዋናዋም ትሄዳለች።

ባንክ የገባ ብር አይሞትም፤ ግን ይከሳል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በ30 ብቻ እናስላው። 10,000 ብር በዓመቱ 10,700 ይሆናል፤ የሚገዛው ግን ከዓመት በፊት 8,230 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ጨምሯል፣ ገበያ ላይ ግን ቀንሷል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር መሆኑን የእኛ አገር ገበሬ አሳምሮ ያውቃል።

እናቴ በቅርቡ «አንተ ተማሪ ነህ፣ ባንክ ያለችውን ብር ምን ላድርጋት?» አለችኝ። ብሯ ለታናሽ እህቴ ትምህርት የታሰበች ናት፤ ልጅቱ ገና 3ኛ ክፍል ናት። ኮሌጅ እስክትደርስ 10 ዓመት አለ። 10,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት 19,670 ገደማ ይሆናል፤ ዋጋ በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር ግን ዛሬ 10,000 የሚያወጣው ዕቃ 40,000 ይገባል።

ስለ አክሲዮን ነገርኳት። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ሲሆን በቴሌብር ይገዛ ስለነበር አዲስ አበባ መሄድ አላስፈለገም። የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ለእኔ ይህ የብር እጥረት ብቻ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ አክሲዮን ምን እንደሆነ የነገረው የለም። (እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ብናስብበት አይከፋም።)

እናቴ የጠየቀችው ግን ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል፤ «ብፈልጋትስ መልሰው ይሰጡኛል?» አለች። አይሰጡም። ባለአክሲዮን ብሩን ማግኘት ከፈለገ ድርሻውን የሚገዛ ሌላ ሰው ማግኘት አለበት። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ሆኖም ገበያው ገና ልጅ ነው፤ በተፈለገበት ቀን ገዢ ላይገኝ ይችላል። የትርፍ ድርሻም ድርጅቱ ካላተረፈ የለም።

ስለዚህ ብሯን ለሁለት ከፈልናት። የዘንድሮ ማዳበሪያና ሕመም ቢመጣ የሚያስፈልገው ባንክ ይቆያል። የእህቴ ድርሻ ይወጣል። ጊደር ይሁን አክሲዮን ገና አልተስማማንም፤ እስከዚያው የሁለት ድርጅቶችን የኦዲት ሪፖርት በስልክ እያነበብኩላት ነው። ዕዳቸው ስንት እንደሆነ ደጋግማ ትጠይቀኛለች።