ስለ ተሳላሚ መንገድና ስንቅ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን በገባ ጊዜ፣ የጌታችንን ልደት በደብረ ሮሐ ቅዱስ ላሊበላ ለማክበር በልቡ ያሰበ ሁሉ መንገዱን መቍጠር ይጀምራል። ዛሬ በመኪናና በአውሮፕላን የሚሄደው ብዙ ነው፤ ሆኖም ስለ ስለቱ ወይም ስለ ፍቅር ብሎ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣው አልጠፋም። ከእነዚህም መካከል አንዳንዱ ሳይዘጋጅ ወጥቶ በመንገድ ይወድቃል፤ አንዳንዱም ለድኻው ባለአገር ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ተሳላሚ እንዴት ተዘጋጅቶ መውጣት እንደሚገባው ጥቂት እንናገራለን።

«በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ስንቅ ምን ያደርግለታል? ጌታስ ሐዋርያትን ከረጢት እንዳይዙ አዝዟቸው የለምን?» የሚሉ አሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለማን እንደተነገረ ማስተዋል ይገባል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንዲህ የታዘዙት ለስብከት የተላኩት ናቸው፤ ምነው ቢሉ፣ የሚያስተምሩት ሕዝብ ሊመግባቸው ይገባልና። ተሳላሚ ግን ሊለምንና ሊያመሰግን እንጂ ሊያስተምር አልተላከም። ዳግመኛም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ያው ጌታ ከረጢት ያለው እንዲይዝ አዝዟል። ነቢዩ ኤልያስም ወደ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሲሄድ መልአኩ አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ አቅርቦለታል፤ መንገዱ እንደሚርቅበት ነግሮ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አብልቶታል። መልአክ ስንቅን ካልናቀ እኛ ለምን እንንቃለን?

ይልቁንም የሚሄዱበትን ቦታ ምክንያት ማሰብ ይገባል። በአበው ትውፊት እንደሚነገረው፣ ጻድቁ ንጉሥ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈለው ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በበረሃ ለሚያልቁ ምእመናን አዝኖ ነው፤ በአገራቸው ኢየሩሳሌምን እንዲያገኙ ብሎ ወንዙን ዮርዳኖስ፣ ቦታውን ጎልጎታ አሰኘው። እንግዲህ ላሊበላ የመንገደኛን ድካም ለማሳጠር የተሠራ የርኅራኄ ቦታ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በቸልተኝነት ራሱን በመንገድ ቢጥል ወይም ሌላውን ቢያስርብ፣ የንጉሡን ሐሳብ አፈረሰ እንጂ አልተሳለመም።

ይህንንም በሰው ስሕተት ሳይሆን በራሳችን ስሕተት እንመሰክራለን። የቅኔ ተማሪ ሳለን «እግዚአብሔር ይመግባል» ብለን በአኩፋዳችን ዳዊትና የሁለት ቀን በሶ ብቻ ይዘን ተነሣን። በሦስተኛው ቀን ስንቃችን አለቀ። አብረውን የሚጓዙ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በየማታው ከበሶአቸው እየከፈሉ ይሰጡን ጀመር። «እርስዎስ እማማ?» ስንላቸው «እኔ ቅድም ቀምሻለሁ፤ አንተ ልጅ ነህ፣ ብላ» ይሉን ነበር። እኛም አምነን በላን፤ ማመኑ ይቀል ነበርና። በስድስተኛው ቀን ዳገት ላይ ወደቁ። መንገደኞች ቃሬዛ ሠርተው አነሷቸው፤ ስልቻቸውን ብንፈታው ባዶ ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሳቸው ተርፎ ከበዓሉ ደረሱ። ካህናቱ ገሚሱ በማሜ ጋራ፣ ገሚሱ ከታች በቤተ ማርያም ዐጸድ ቆመው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ ሕዝቡ ሁሉ እልል ይል ነበር፤ እኛ ግን ቀና ብለን ለማየት አፈርን። እምነት ያልነው ነገር ከሌላ ሰው ስልቻ የተበላ በሶ ሆኖ ተገኝቷልና።

እንግዲህ የመንገዱ ሥርዐት እንዲህ ይሁን።

መጀመሪያ ቀኑን ይቍጠር። ልደት በዘመነ ማቴዎስ፣ በዘመነ ማርቆስና በዘመነ ሉቃስ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። ይህን ያልጠየቀ መንገደኛ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሽማግሌና ሴት ያለበት ማኅበር በደጋው መንገድ በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እሄዳለሁ አይበል። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ቢሆን 10 ቀን ነው፤ ለሰንበት ዕረፍት 2 ቀን፣ ለድንገተኛ ነገር 1 ቀን ቢጨመር 13 ቀን ይሆናል። ታኅሣሥ 27 ቀን ማታ ለመግባት ታኅሣሥ 15 ቀን ጠዋት፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ ይነሣ። የሚያልፍበትን አገር ሰላምም ከመነሣቱ በፊት ከሚያውቁ ሰዎች ይጠይቅ፤ መንገዱ ካልቀና መቈየት ኃጢአት አይደለም።

ሁለተኛ ስንቁን ይመጥን። ወራቱ ጾም ነውና ቅቤ የገባበት ጭኮ አይሆንም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬና ጨው ይበቃል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ቢታሰብ ለ13 ቀን ስድስት ኪሎ ተኩል ይሆናል። በዚህ ላይ የቻለ ለሌላ ሰው የሚሆን የሦስት ቀን ስንቅ ይጨምር። ይህ ትርፍ አይደለም፤ የጉዞው ዐሥራት ነው። የውኃ ኮዳ፣ ጋቢ፣ መቋሚያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሐኪም ያዘዘለት ካለ መድኃኒቱን፣ የቤተ ሰቡንም ስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊትም ብርዱ ይጠነክራልና ጋቢውን ከባድ ነው ብሎ አይተው። የወንዝ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ። ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ስለ ጾሙም ስለ መንገዱም አስቀድመው የንስሐ አባታቸውንና ሐኪም ያማክሩ።

ሦስተኛ ስለ እግሩ ያስብ። ባዶ እግር መሄድ የፈቃድ ትሩፋት እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በቀይ አፈር ለብዙ ዘመን በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ እንደሚያመጣ ዛሬ ሐኪሞች አስረድተዋል። ሙሴ ጫማውን ያወለቀው ከቅዱሱ ስፍራ ሲደርስ ነው፤ በመንገዱ ግን ተጫምቶ ነበር። ማታ ማታም እግሩን ይጠብ። የላስታ ሰዎች የመጣውን እንግዳ እግሩን አጥበው የሚቀበሉት የሐዋርያትን ሕጽበት አብነት አድርገው ነው።

አራተኛ በሚያድርበት ቤት እንግድነቱን ይወቅ። ታኅሣሥ የመከር ወራት ነው፤ ባለአገሩ ገና በአውድማ ላይ ነው። ያልታጨደውን እህል አይርገጥ፤ ያቀረቡለትን አይናቅ፤ ከስንቁም ለቤቱ ልጆች ያካፍል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚቀድም ጓዝ አለ፤ እርሱም የማይያዘው ነው። ስንቅ አንድም በሶ ነው፤ አንድም ሰላም ነው። የሰው ብድር ሳይከፍል፣ ለልጆቹ የሚበላ ሳይተው፣ ከጎረቤቱ ጋር ሳይታረቅ የወጣ ሰው ስልቻው ቢሞላም ስንቅ የለውም። መባውን ከመሠዊያው ፊት ትቶ ከወንድሙ ጋር አስቀድሞ እንዲታረቅ የታዘዘ ክርስቲያን፣ ጧፍና ዕጣን ተሸክሞ ይህን ሁሉ አገር ከማቋረጡ በፊት የጎረቤቱን ደጅ ይርገጥ። መንገዱ ከዚያ ይጀምራል።

የእኚያን እናት ብድር ልንመልስላቸው አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ ግን ተማሪዎቻችንን ወደ ሮሐ ስንሸኝ የእያንዳንዱን አኩፋዳ ከፍተን እናያለን፤ ለሌላ ሰው የሚሆን እፍኝ በሶ የሌለበትን እስኪጨምር ድረስ አንለቀውም።

በቤተ ልሔም የእንግዶች ማደሪያ ያጣው አምላክ መንገደኞችን ሁሉ ይጠብቅ፤ ለበዓለ ልደቱም በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።