ሥዕል በብርሃን፤ ከፓሪስ እስከ ጀጎል

የሰውን መልክ በፎቶግራፍ ማንሣት ዛሬ ቀላል ነገር ሆኗል። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን ብዙ ድካም፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነበረ። ይህ ጥበብ በሐረር በጀጎል ቅጥር ውስጥ በጥንት ዘመን እንዴት እንደ ተሠራበት የሚያስረዳው ታሪክ ከሁለት ፈረንሣውያን ኑሮ ጋራ የተያያዘ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

1ኛ፤ ኤትየን ካርዣ

ኤትየን ካርዣ በ1820 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር ፋሬን በምትባል መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ በሐር ጨርቅ ሠሪ ዘንድ ንድፍ መሣልን ተማረ። ከዚያም በኋላ የታወቁ ሰዎችን መልክ እያጋነነ፤ ይኸውም ረጅሙን አፍንጫ ይበልጥ እያስረዘመ፤ ትልቁን ራስ ይበልጥ እያተለቀ መሣል ጀመረ። እንዲህ ያለው ሥዕል ካሪካቱር ይባላል፤ ተመልካቹን እያሣቀ የሰውን ጠባይ ይገልጣል። በ1854 ዓ.ም. ሌ ቡልቫር የሚባል ጋዜጣ አቋቁሞ ሥዕልና ጽሑፍ ያወጣበት ነበር።

ካርዣ የፎቶግራፍንም ጥበብ ተምሮ በፓሪስ የሥራ ቤት ከፈተ። ብዙዎቹ የዘመኑ አንሺዎች ከሰውየው ኋላ ያጌጠ መጋረጃ ሲሰቅሉ፤ ዙሪያውንም በዕቃ ሲሞሉ፤ እርሱ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ፊትን ብቻ አጥርቶ ለማሳየት ይደክም ነበር። አንዱን ፊት ከሌላው የሚለየው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማየትን ከካሪካቱር ሥራው ለምዶታልና። የገጣሚዎቹን የቦድሌርንና የቪክቶር ሁጎን መልክ ያነሣ እርሱ ነው። በ1898 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ።

በ1864 ዓ.ም. አርተር ራምቦ የሚባል የ17 ዓመት ገጣሚ በካርዣ መሣሪያ ፊት ተቀመጠ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው የራምቦ መልክ ያን ጊዜ የተነሣው ነው። ነገር ግን ጥቂት ወር ቆይቶ በአንድ የገጣሚዎች ግብር ላይ ጠብ ተነሣና ወጣቱ ካርዣን በሰይፍ አቆሰለው። ካርዣም ተቈጥቶ የራምቦን ሥዕል የያዙትን መስታወቶች አጠፋ ይባላል። አስቀድሞ በወረቀት የታተሙት ጥቂት ቅጂዎች ግን ተረፉ።

2ኛ፤ ነጋዴው ራምቦ በጀጎል

ራምቦ ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍን ተወና በብዙ አገር ዞረ። በታኅሣሥ ወር 1873 ዓ.ም. የባርዴ የንግድ ማኅበር ሠራተኛ ሆኖ ከኤደን ወደ ሐረር መጣ። ሐረር ያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች፤ ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘዋት ነበርና። ራምቦ የሚነግደው ቡና፤ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነበር።

በዚህም ጊዜ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከሊዮን ከተማ አዘዘ። ዕቃው በስሕተት ወደ ሞሪሺየስ ደሴት ሄዶ ብዙ ዘገየ። እናቱም ወጪው በዝቶባት ልጇን ወቀሰች። እርሱ ግን ጥበቡ በዚያ አገር ያልታወቀ ስለ ሆነ ትርፍ እንደሚገኝበት ጻፈላት። የመልኩን አንሺ ያቆሰለው ልጅ ከ11 ዓመት በኋላ ራሱ የዚያው ጥበብ ተማሪ ሆነ።

በሚያዝያ ወር 1875 ዓ.ም. ራምቦ ራሱን ያነሣባቸውን ሦስት ሥዕሎች ለቤተ ሰቦቹ ላከ፤ አንዱ በቤት ሰገነት ላይ፤ አንዱ በቡና ተክል መካከል፤ አንዱም በሙዝ ተክል ውስጥ ቆሞ ነው። ደግሞ የከተማይቱን ገበያ፤ የሼክ አባድርን መቃብር፤ የሥራ ባልደረባውን ሶቲሮን፤ ለቡና መጫኛ የሚሆን የቆዳ ስልቻ የሚሠራ አንድ ሰውም አነሣ።

3ኛ፤ ሥዕሉ ለምን ደበዘዘ?

በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚያዘው ከብር የተዘጋጀ መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ነው። ብርሃን በመሣሪያው ዓይን ገብቶ መስታወቱን ሲነካው መድኃኒቱ ይለወጣል። ከዚያም በጨለማ ክፍል በልዩ ልዩ መድኃኒት ሲነከር ሥዕሉ ይገለጣል፤ ነጩ ጥቁር፤ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከመስታወቱ ወደ ወረቀት ሲተላለፍ ግን መልኩ ይስተካከላል። በመጨረሻ የቀረው መድኃኒት ተጠርጎ እንዲወጣ በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

የራምቦም ሥዕሎች ነጥተውና ደብዝዘው ወጡ፤ ምክንያቱም ያጠበበት ውሃ መጥፎ እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። በ1877 ዓ.ም. መሣሪያውን እያዘነ ሸጠው። በ1880 ዓ.ም. ለራሱ ሊነግድ ወደ ሐረር ተመለሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማይቱን ከያዙ በኋላ አገረ ገዥው ራስ መኰንን ነበሩ። በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ በ16 ሰዎች ሸክም በቃሬዛ እስከ ዘይላ ወረደ። በማርሴይ ከተማ እግሩ ተቈረጠ፤ በኅዳር ወር 1884 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ሞተ።

4ኛ፤ ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቅጥሩ ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው ሕንፃ እርሱ ከሞተ በኋላ በአንድ የህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የሐረር የጥንት ፎቶግራፎች ይታዩበታል።

ከራምቦ ሥዕሎች ሁሉ አንዱን ልብ ማለት ይገባል። ስልቻ ሠሪው ተቀምጦ ሥራውን ይዞ ይታያል፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ጋራ የተጻፈው ሥራው ብቻ ነው፤ ስሙ አልተጻፈም። የአንሺውን ታሪክ ዓለም ያውቀዋል፤ የተነሣውን ሰው ስም የሚያውቅ ግን የለም። ውሃ ያላጠፋውን የሰው ቸልተኝነት አጠፋው። ስለዚህ በቤቱ የአያቶቹ ፎቶግራፍ ያለው ተማሪ ሁሉ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ፤ የሰውየውን ስም፤ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በሥዕሉ ጀርባ በጥንቃቄ ይጻፍ።

ጥያቄ
1. ካሪካቱር ማለት ምን ዓይነት ሥዕል ነው?
2. የካሪካቱር ሥራ ካርዣን ለፎቶግራፍ እንዴት ጠቀመው?
3. የራምቦ ሥዕሎች የደበዘዙት ስለ ምን ነው?
4. በፎቶግራፍ ጀርባ ምን ምን መጻፍ ይገባል? ስለ ምን?