የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ወፎች በአራቱ ወቅቶች
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ትምህርት

ነቢዩ ኤርምያስ በመጽሐፉ ምዕራፍ 8 የሰማይ ወፎች የመምጫ ጊዜያቸውን ሲጠብቁ፣ ሕዝቡ ግን የእግዚአብሔርን ፍርድ መዘንጋቱን እያነጻጸረ ይወቅሳል። በአቃቂ ቃሊቲ ለምናገለግል ይህ ንጽጽር ከደጃችን የራቀ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በግድብ የተፈጠረ ነው። ግድቡ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሷል። ሐይቁና በዙሪያው ያለው ረግረግ ለወፎች ጠቃሚ ከሆኑ የኢትዮጵያ ሥፍራዎች እንደ አንዱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይታወቃል።

ወቅቶቹና እንግዶቹ

በባሕረ ሐሳብ ቀመር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችና የውኃ ዳር ወፎች ይደርሳሉ። ክሬን የሚባሉት ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎችም አዝመራው በተሰበሰበበት ማሳ ላይ ይሰማራሉ።

በበጋ፣ እስከ መጋቢት 25፣ የእንግዶቹ ቁጥር ከፍ ይላል። በብዙ አገሮች የሚካሄደው ዓመታዊ የውኃ ወፎች ቆጠራ በጥር ወር መሆኑም ስለዚህ ነው። በጸደይ፣ እስከ ሰኔ 25፣ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። በክረምት ሐይቁ ለነባሮቹ ይቀራል፤ ሸማኔ ወፎች ጎጇቸውን ይሠራሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጋጋኖ ግን ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ይሰማል።

ብዛት ብቻውን አይመሰክርም

ብዙ ወፍ ያየ ሰው ውኃው ንጹሕ ነው ብሎ እንዳይደመድም እናሳስባለን። ሁለቱ ወንዞች ከከተማው ቤቶችና ፋብሪካዎች የሚወጣውን ፍሳሽ ይዘው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ፍሳሹ ለአልጌና ለትላትል እንደ ማዳበሪያ ስለሚሆን፣ እነዚህን የሚመገቡ ዳክዬዎች በቆሸሸ ውኃም ሊበዙ ይችላሉ። በአንጻሩ እንቦጭ የውኃውን ገጽ ሲሸፍን፣ ጠልቀው ዓሣ የሚያድኑ ወፎች ሥፍራ ያጣሉ። ስለዚህ ስንት መጡ ከማለት ጋር የትኞቹ መጡ፣ የትኞቹስ ቀሩ ብለን መጠየቅ ይገባናል። በዚሁ ወንዝ ውኃ አትክልት የሚያለማውና ከብቱን የሚያጠጣው ምእመን የራሳችን ሰበካ ምእመን ነውና።

አሠራሩ

ከሰንበት ትምህርት ቤት ሦስት ወጣቶች በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሥፍራና በአንድ ሰዓት፣ በተለይም በማለዳ ይመልከቱ። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ የውኃውን ከፍታ፣ ቀለምና ሽታ ያስተውል። መንጋው ትልቅ ከሆነ በቅድሚያ 10 ወፎች የሚይዙትን ስፋት በዓይን ለይቶ፣ ጠቅላላው የዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ስሙ የማይታወቅ ወፍ በመጠኑ፣ በላባው ቀለምና በመንቁሩ ቅርጽ ይመዝገብ። ወደ ጎጆ መቅረብ አይገባም። ሞተው የተገኙ ወፎች በእጅ ሳይነኩ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

የአንድ ዓመት መዝገብ ወቅቱን ያሳያል፤ የብዙ ዓመታት መዝገብ ግን ለውጡን ይገልጣል። ሰበካ ጉባኤው ስለ ወንዙ ከአስተዳደር አካላት ጋር ሲነጋገር ቀንና ቁጥር ያለው መዝገብ ይዞ ቢቀርብ ቃሉ ይበልጥ ይሰማል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰበካችን የአቃቂን ወንዝ ውኃ ለምን ለምን እንጠቀምበታለን?
2. አረጋውያን ቀድሞ ያዩአቸው፣ ዛሬ ግን የማይታዩ ወፎች የትኞቹ ናቸው?
3. ክሬኖች የሽንብራ ማሳ ላይ ሲያርፉ፣ ገበሬውንም ወፉንም የማይጎዳ ምን መፍትሔ አለ?
4. መዝገቡን በኃላፊነት የሚይዘው ማን ይሁን?